የወፍ ጎጆ ላይ ካሜራ መትከል፦ የትኛው ካሜራ ለየትኛው ጎጆ?

ጎጆ ላይ ካሜራ ለመትከል ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሜጋፒክስል ልግዛ?" ብሎ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ ወደ መጨረሻ እገፋዋለሁ። ቀድመው የሚመለሱ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ጎጆው ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ካሜራው ከጎጆው ምን ያህል ይርቃል? መብራትስ ከየት ይመጣል? እነዚህን ከመለሳችሁ ምርጫው ወደ ሁለት፣ ብዙ ጊዜም ወደ አንድ ይወርዳል። ባለ 2 ሜጋፒክስል ሆኖ ጫጩቶቹን ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ካሜራ፣ ባለ 8 ሆኖ ከሚያደበዝዘው በብዙ ይሻላል።

የማወዳድረው በአብዛኛው እንደ አዲስ አበባ ባሉ የደጋ ከተሞች፣ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ለሚሠሩ ጎጆዎች ነው። ውጭ አገር ላላችሁም ዝቅ ብሎ አንድ ክፍል አለ።

መጀመሪያ ጎጆውን እዩት

ዋኖስ ጥቂት ጭራሮ ደራርባ ሁለት ነጭ እንቁላል ትጥላለች። ጎጆዋ ከመሳሳቱ የተነሣ ከሥር ቆመው ሲያዩት ሰማዩ ያሳያል። ለካሜራ ከዚህ የተመቸ ጎጆ የለም። ከላይ ክፍት ነው፣ ዋኖሷም ሰው የለመደች ስለሆነች ቶሎ አትደነግጥም። ዝንብ እያሳደደ የሚበላው፣ ረጅም ጭራ ያለው ቀይ ቡናማ ወፍም ክፍት ጎጆ ይሠራል። ጎጆው የቡና ስኒ ያክላል። ወንዱም ተራውን ይታቀፋል፤ ያን ረጅም ጭራ ከጎጆው ውጭ አንጠልጥሎ ሲቀመጥ ማየት ብቻውን የካሜራውን ዋጋ ያወጣል።

ድንቢጥ ሌላ ነገር ናት። ከቆርቆሮ ሥር፣ ከኮርኒስ ቀዳዳ፣ ከብረት ቱቦ ውስጥ ትገባለች። ውስጡን ማየት የሚቻለው ቀድሞ በተዘጋጀ ሳጥን ብቻ ነው።

ሣር እየጎነጎኑ ጎጆ የሚሠሩት ሸማኔ ወፎችና የአበባ ማር የሚቀስሙት ትንንሽ ወፎች ደግሞ የተንጠለጠለ ዝግ ጎጆ አላቸው። እዚህ ላይ ውስጡን ለማየት አትሞክሩ። በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ካሜራ የተገጠመለት ኢንዶስኮፕ የሚባል ዕቃ አለ፤ መካኒኮች ሞተር ውስጥ ለማየት ይጠቀሙበታል። ርካሽ ስለሆነ ሰው ጎጆ ውስጥ ሊሰደው ይጓጓል። መግቢያውን ያሰፋል፣ እናቲቱን ያስበረግጋል፣ የሚያሳየውም ጥቁርና ብዥ ያለ ነገር ነው። የሸማኔ ወፍ ትርኢቱ ያለው ውጭ ነው። ወንዱ እርጥብ ሣር ሰንጥቆ ያመጣል፣ በምንቁሩ ይቋጥራል፣ ይስባል፣ እንደገና ይቋጥራል። ለዚህ ከሦስት ሜትር የሚያይ ካሜራ ይበቃል።

የመጨረሻዎቹ ከፍ ያለ ቦታ የሚሠሩት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንና ፎቅ ላይ የምትሠራው ነጭ አንገቷ ርግብ፣ ትልቅ ዛፍ ላይ የሚሠራው ጥንብ አንሳ። ለእነሱ ካሜራ አይሰቀልም፤ ከሩቅ ይታያሉ። ወደ እሱ እመጣለሁ።

አሮጌ ስልክ

ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ስልክ ካለ ወጪው ባዶ ነው። ስልክን ወደ ካሜራ የሚቀይሩ ነጻ አፖች አሉ፤ በዋይፋይ በሌላ ስልክ ታዩታላችሁ። ትልቁ ጥቅሙ ፎከሱ ነው። አብዛኛው ስልክ አሥርና ሃያ ሳንቲ ሜትር ላይ ያለን ነገር በራሱ ያጠራል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ብዙዎቹ ካሜራዎች ይህን አይችሉም።

ጉድለቱም ብዙ ነው። ማታ አያይም። ዝናብ አይችልም። ሳምንታት ሙሉ ቻርጅ ላይ ሲሰካ ባትሪው ያብጣል። ፀሐይ ከመታው ደግሞ ግሎ ራሱን ያጠፋል፤ አፕል ራሱ ለአይፎን የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ዱባይ ወይ ሪያድ በረንዳችሁ ላይ ርግብ ከሠራችባችሁ ይህን አማራጭ ከወዲሁ እርሱት። አዲስ አበባ ግን በረንዳ ላይ ጥላ ካለ ይሠራል።

ስልክ የሚያምርበት አንድ ቦታ አለ፦ ጎጆው መስኮት ደፍ ላይ ሲሆን። ስልኩ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ወፏ አታየውም፣ ዝናብ አይነካውም፣ ሶኬቱም ቅርብ ነው። መስታወቱን በደንብ ወልውሉት፣ ስልኩን አስጠጉት፣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ጋርዱበት፤ አለበለዚያ የሚቀረጸው የራሳችሁ ሳሎን ነው።

ሴኩሪቲ ካሜራ

ለአብዛኛው አንባቢ መልሱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መርካቶም መገናኛም ሞልቷል፣ ዝናብ የሚችል አለ፣ ማታ ያያል፣ ሚሞሪ ካርድ ይወስዳል፣ ገጣሚውም በየሰፈሩ አለ። ግን ሴኩሪቲ ካሜራ ሲባል ሦስት ዓይነት ነው፤ ልዩነታቸውም ቀላል አይደለም።

በባትሪ የሚሠራው፣ ከላዩ ትንሽ ሶላር ያለው፣ ለዓይን ደስ ይላል። ሽቦ የለውም፣ ዛፍ ላይ ማሰር ብቻ ነው። ችግሩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ሁልጊዜ የሚተኛ መሆኑ ነው። ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ነቅቶ መቅረጽ ይጀምራል፤ ለመንቃት ደግሞ አንድ ሁለት ሰከንድ ይፈልጋል። ለሌባ ይህ ምንም አይደለም። ለወፍ ግን ብዙ ነው። እናት ትል ይዛ መጥታ፣ አጉርሳ፣ ከጎጆው ልትነሳ ስትል ነው ቪዲዮው የሚጀምረው። የጀርባዋን ስብስብ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ትንሽ ወፍ ደግሞ የሰውነቷ ሙቀት ከርቀት አይታወቅምና ጭራሽ ላይነቃላት ይችላል።

ሶኬት የሚፈልገው የዋይፋይ ካሜራ ያለማቋረጥ ይቀርጻል። ለጎጆ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ስትገዙ 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ የሚይዝ መሆኑን አረጋግጡ፤ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳና ቅጠል ግን ቶሎ ያደክመዋል። ጎጆው ከራውተሩ ሩቅ ከሆነ ችግር የለም፣ ካርዱ ላይ ይቀርጻል፤ በቀጥታ ማየቱ ብቻ ይቀርባችኋል።

ሦስተኛው የኔትወርክ ገመዱ ራሱ መብራት የሚወስድለት ነው፤ ባለሙያዎች ፖ ይሉታል። አንድ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ ምስሉም መብራቱም በእሱ ያልፋል። ጎጆው ግቢው ጥግ ላይ፣ ለምሳሌ ኮሽም አጥሩ ውስጥ ከሆነ ይህን የሚያህል የለም። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ገመድ መዘርጋቱም ሥራ ነው፤ በየዓመቱ እዚያው ቦታ ወፍ የሚሠራባችሁ ከሆነ ግን አንዴ አውጥቶ መገላገል ነው።

ሦስቱንም ለጎጆ ስትጠቀሙ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ። የዛሬዎቹ ካሜራዎች ሌባ ለማባረር የተሠሩ ስለሆኑ ሳይረን አላቸው፣ ማታ ቦግ የሚል ነጭ መብራት አላቸው፣ "ኮለር ናይት" እያሉ የሚሸጡትም እሱን ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ድመት ባለፈች ቁጥር ጎጆ ላይ መብራት የሚያበራ ካሜራ መትከል እናቲቱን ማባረር ነው። ነጩን መብራት፣ ሳይረኑን፣ ስፒከሩን፣ ሰው እየተከተለ የሚዞረውን ሞተር ሁሉ አጥፉ። ኢንፍራሬዱን፣ ማለትም ካሜራው በጨለማ የሚያይበትን ለዓይን የማይታይ ብርሃን፣ ብቻ እንደበራ ተዉት። ኢንፍራሬድ ሁለት ዓይነት ነው፦ 850 ናኖሜትር የሆነው በጨለማ ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ያሳያል፣ 940 የሆነው ምንም አያሳይም። 940 ሩቅ አይደርስም እንጂ ለጎጆ ርቀት ከበቂ በላይ ነው። ምርጫ ካላችሁ እሱን ያዙ።

ፎከስ፦ ሁሉም የሚወድቅበት ቦታ

ሴኩሪቲ ካሜራ የሚሠራው በር ላይ የቆመ ሰው እንዲያሳይ ነው። ፎከሱ ፋብሪካ ላይ ከአንድ ሜትር ወዲያ ላለው ተስተካክሎ ይታሰራል። እናንተ ደግሞ ሠላሳ አርባ ሳንቲ ሜትር ላይ ትሰቅሉታላችሁ። ውጤቱ ከጀርባ ያለው ግንብ ጥርት ብሎ ጫጩቱ ጉም መስሎ መታየት ነው።

መፍትሔው ሦስት ነው። አንደኛው መራቅ ነው፤ ካሜራውን አንድ ሜትር ተኩል ወይ ሁለት ሜትር ላይ አድርጎ ጠበብ ያለ ሌንስ መምረጥ። ሴኩሪቲ ካሜራ ላይ 2.8፣ 4፣ 6 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 2.8 ሰፊ ነው፣ ግቢውን ሁሉ ያሳያል፣ ጎጆውን ግን ነጥብ ያደርገዋል። ለጎጆ 6 ወይም ከዚያ በላይ ጠይቁ። ወፏም ከካሜራው ራቅ ማለቷ ይጠቅማታል፤ እኔ ሁልጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው።

ሁለተኛው ከመንገድ ዳር የሚገኝ ነው፦ የማንበቢያ መነጽር። ባለ +2 መነጽር አንዱን ሌንስ አውጥታችሁ ካሜራው ፊት ብታደርጉ፣ ሩቅ ሲያይ የነበረው ካሜራ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ማየት ይጀምራል። +3 ከሆነ 33፣ +4 ከሆነ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 100ን ለመነጽሩ ቁጥር ማካፈል። የካሜራው ፎከስ ከመጀመሪያው ወደ ቅርብ ያደላ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ቀረብ ይላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ መነጽሩ የካሜራውን ሌንስ ብቻ ይሸፍን። ዙሪያውን ያሉትን የኢንፍራሬድ አምፖሎች ከሸፈነ ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ነጥሮ ይመለስና ሌሊቱን ሙሉ ነጭ ጭጋግ ትቀርጻላችሁ። የመነጽሩን ሌንስ አሳንሶ ቆርጦ፣ ጠርዙን በጥቁር ፕላስተር ከካሜራው ሌንስ ዙሪያ ማሸግ ይበቃል።

ሦስተኛው ካሜራውን ፈትቶ ሌንሱን ማዞር ነው። ብዙዎቹ ሌንሳቸው ባለ ጥርስ ነው፣ ፋብሪካው ጠብታ ማጣበቂያ ያደርግበታል። ማጣበቂያውን አላቅቆ ትንሽ ወደ ግራ ሲያዞሩት ፎከሱ ወደ ቅርብ ይመጣል። ይሠራል። ግን ጋራንቲው ይቀራል፣ ጎማው በትክክል ካልተመለሰ ክረምት ላይ ውኃ ይገባል። ስልክ ጠጋኝ ወዳጅ ካላችሁ እሱ ያድርገው።

ቅርብ ርቀት ላይ ሌላም ነገር ይመጣል። ኢንፍራሬዱ ለሃያ ሜትር ስለተሠራ በአርባ ሳንቲ ሜትር ላይ ጫጩቶቹን ነጭ አድርጎ ያቃጥላቸዋል፤ ምስሉን ማለቴ ነው። ከአምፖሎቹ ላይ ወረቀት የሚመስለውን ነጭ የቁስል ፕላስተር አንድ ሁለት ድርብ መለጠፍ ያስተካክለዋል።

ትሬል ካሜራ

አዳኞችና ተመራማሪዎች ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የሚያስሩት ነው። የብሔራዊ ፓርክ ሰዎች ካሜራ ትራፕ ይሉታል። መብራትም ዋይፋይም አይፈልግም። 8 ድንጋይ፣ አንዳንዱም 12 ይወስዳል፤ ፎቶ ብቻ ካነሳ ሳምንታት አልፎ ወራት ይቆያል። የማታ ቪዲዮ ካበዛችሁ ግን ድንጋዩን በቶሎ ይጨርሰዋል።

እንደ ባትሪ ካሜራው ሁሉ የሚነቃው በሙቀትና በእንቅስቃሴ ነው፤ ደህናዎቹ ግን ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይነሳሉ። እናት ዝም ብላ ታቅፋ ስትቀመጥ አይቀርጽም። ፀሐይ የመታው ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ ደግሞ እስኪሰለቸው ይቀርጻል። ለዚህ መድኃኒቱ በየተወሰነ ደቂቃው አንድ ፎቶ እንዲያነሳ ማዘዝ ነው፤ ሜኑ ውስጥ ታይም ላፕስ የሚለው ነው። በየአምስት ደቂቃው አንድ ፎቶ ማለት በቀን 288 ፎቶ ነው። እናት መቼ ወጣች፣ መቼ ተመለሰች፣ ማን ተካት፣ ሁሉም ይታያል። ስለ ወፏ ኑሮ ከቪዲዮ ክምር ይልቅ ይህ ብዙ ይናገራል።

አገር ቤት ሱቅ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ብዙ ሰው የሚያመጣው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው። ካስመጣችሁ ትንሽ ስክሪን ያለውን አስመጡ፤ ዛፍ ላይ ሆናችሁ ምን እያየ እንደሆነ ካላያችሁ፣ ሳምንት የቆየ የቅርንጫፍ ፎቶ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ለማን ይሆናል? ገጠር ቤተሰብ ጋ ላለ፣ መብራት ለማይደርስበት ዛፍ፣ በየቀኑ ለማይመላለስ ሰው። ለከተማ ግቢ አልመርጠውም።

ራስበሪ ፓይ

ካሜራ የሚሰካባት ትንሽ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ናት፤ ኮምፒውተር መነካካት ለሚወዱ ብቻ። የራስበሪ ፓይ ካሜራ ሞጁል 3 በ2023 የወጣ ሲሆን አውቶፎከስ አለው፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ድረስ ያጠራል። ኖ አይ አር የሚባለውን ከወሰዳችሁ በኢንፍራሬድ ማታም ያያል። ፓይ ዜሮ 2 ከምትባለው ትንሿ ፓይ ጋር ከክብሪት ቀፎ ጥቂት የምትበልጥ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ለዝግ ሳጥን ከሁሉም ይበልጣል። ግን ውኃ መከላከያው፣ ሶፍትዌሩ፣ ሽቦው የራሳችሁ ጣጣ ነው። መብራት በድንገት ሲቋረጥም ካርዱ ሊበላሽና ላይነሳ ይችላል። ወፏ እንቁላል ከጣለች በኋላ የሚጀመር ፕሮጀክት አይደለም።

ከፍ ላለ ጎጆ

ጥንብ አንሳ፣ ጭላትና ንስር ጎጆ ላይ አትውጡ፤ ለእናንተም ለእነሱም አደጋ ነው። ከተማችን ላይ በብዛት የምናየው ባለ ኮፍያው ጥንብ አንሳ፣ የዝርያዎችን የመጥፋት ስጋት የሚመዝነው ዓለም አቀፉ የቀይ መዝገብ እጅግ አሳሳቢ አደጋ ላይ ካሉት ጋር የመደበው ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚጥለውም አንድ እንቁላል ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ረጅም ዙም ያለው ካሜራ ወይም በሦስት እግር ላይ የሚቆም የወፍ መመልከቻ ቴሌስኮፕ ከስልክ ማያያዣ ጋር ይሻላል። ከጎረቤት ፎቅ መስኮት የመሰለ ቦታ የለም። ድሮን እያሰባችሁ ከሆነ ተዉት። ያለ ፈቃድ ማብረር አገራችን ውስጥ ጣጣ ነው፤ ፈቃድ ቢኖር እንኳ ወፉ የሚያየው እንደ ጠላት ነው።

መብራት ሲጠፋ

ካሜራ ሲወዳደር ሻጩ የማይነግራችሁ ይህን ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማን ይነሳል?

ሴኩሪቲ ካሜራ በራሱ ይነሳል፣ መቅረጹንም ይቀጥላል። ኢንተርኔት ከሌለ ግን ሰዓቱ ሊዛባ ይችላል፤ ቪዲዮው በትክክለኛው ቀን ላይ አልተቀመጠ ከሆነ የድሮ ቀኖች ውስጥ ፈልጉት። ስልክ የራሱ ባትሪ ስላለው ጥቂት ሰዓት ይቆያል፤ አንዴ ከጠፋ ግን ሄዶ የሚያበራው ሰው ይፈልጋል። ትሬል ካሜራ ጭራሽ አይመለከተውም።

ፓወር ባንክ ያድነናል ለሚሉ ስሌቱ ይኸው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 60 ቢቀር ነው። 3 ዋት የሚበላ ካሜራን 20 ሰዓት ያቆየዋል ማለት ነው። ለሁለት ሦስት ሰዓት መቋረጥ ጥሩ ነው፤ ራሱ ቻርጅ እየሞላ ካሜራውንም የሚያጎርስ ዓይነት መሆኑን ግን አረጋግጡ፣ አንዳንዱ ሁለቱን በአንድ ላይ አይሠራም። ሙሉ በሙሉ በሶላር ከሆነ ያው ካሜራ በቀን 72 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። በበጋ 20 ዋት ፓኔል አፍ ለአፍ ያደርሰው ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን 50 ዋትና ደህና ባትሪ ከሌለ አታስቡት።

ገመድን በተመለከተ ሁለት ነገር። 220 ቮልት በኤክስቴንሽን ወደ ዛፍ አትውሰዱ፤ ክረምት ላይ ሰው ይገድላል። አዳፕተሩ ቤት ውስጥ ይቅር፣ ወደ ዛፉ 12 ቮልት ይሂድ። ሁለተኛ፣ በ5 ቮልት ዩኤስቢ የሚሠራ ካሜራን አሥር ሜትር ቀጭን ገመድ ላይ አትስቀሉ። ቀን ቀን ደህና ይሠራል። ማታ ኢንፍራሬዱ ሲበራ ቮልቱ ይወርድና ካሜራው ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ይጠፋል። ብዙ ሰው ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ የሚመልሰው በዚህ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ካሜራ የተገጠመለት የወፍ ሳጥን ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ጓሮ ካላችሁ ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው፤ ፎከሱም ለሳጥኑ ተስተካክሎ ይመጣል። ከካሜራው በላይ ወሳኙ የቀዳዳው ስፋት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ብሉ ቲት ለተባለችው ትንሽ ወፍ 25 ሚሊ ሜትር፣ ለግሬት ቲት 28፣ ለድንቢጥ 32 ነው። አሜሪካ ውስጥ ለብሉበርድ 38 ገደማ። ቀዳዳው ከሰፋ ያላሰባችሁት እንግዳ ይገባል። ሳጥኑን ጸደይ ሳይገባ፣ በብርዱ ወራት ስቀሉት።

ሕጉንም እወቁ። አሜሪካ ውስጥ ከ1918 ጀምሮ ያለው የተሰዳጅ ወፎች ሕግ አብዛኛውን የአገሬው ወፍ ከነእንቁላሉ ይጠብቃል። እንግሊዝ ውስጥ የ1981ዱ የዱር እንስሳት ሕግ በሥራ ላይ ያለ ጎጆን ማበላሸት ይከለክላል፤ እንደ በርን አውል ያለውን ጉጉት ጎጆው ላይ መረበሽ ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። አገር ቤትም የዱር እንስሳት ጉዳይ የራሱ አዋጅ አለው። ከግቢያችሁ ወጥታችሁ ፓርክ ወይ ጥብቅ ደን ውስጥ ልትተክሉ ካሰባችሁ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

መቼ ይተከል?

ጥሩው ጊዜ ወፏ ሳትጀምር ነው። ዓመት ዓመት የሚሠራበት ቦታ ከታወቀ ካሜራው ቀድሞ ይሰቀል፤ እንደ ቅርንጫፍ ትለምደዋለች። ያ ካለፈ፣ እየሠራች ሳለች ወይም እንቁላል መጣል ስትጀምር አትንኳት። ጎጆዋን ጥላ የመሄድ ዕድሏ ያን ጊዜ ከፍተኛ ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ጥቂት ቀን በኋላ ግን ብዙ ስለደከመችበት በቀላሉ አትተወውም። ክንፍ ካወጡና ለመብረር ከደረሱ ደግሞ እንደገና ክልክል ነው፤ ከድንጋጤ ብዛት ሳይችሉ ይዘላሉ።

ሰው የነካውን ጫጩት እናቱ ትጥላለች የሚባለው የተጋነነ ነው፤ በሰው ሽታ ብቻ ጫጩቷን አትተውም። የሚጎዳው የሰው መመላለስ ነው። ቁራ ሰው የሚያዘወትረውን ቁጥቋጦ ልብ ይላል፣ ድመትም የተረገጠ መንገድ ትከተላለች። ስለዚህ ሁሉንም ቤት ውስጥ ሞክራችሁ ጨርሱ፦ በተመሳሳይ ርቀት ብርቱካን አስቀምጡና ፎከሱን አስተካክሉ፣ ማታም እዩት። ከዚያ ረፋድ ላይ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰቅላችሁ ውረዱ። ቅጠል አትቁረጡ፤ ቅጠሉ ጥላዋም መደበቂያዋም ነው። ከሩቅ ሆናችሁ ጠብቁ። በግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰች ካሜራውን አንሱት። ካሜራው የታሰረበት እንጨትም ለድመት መሰላል እንዳይሆን።

እንግዲህ ምን ልግዛ?

በረንዳ ወይም መስኮት ላይ ዋኖስ ከሠራችባችሁ አሮጌውን ስልክ አውጡ፤ ሌላ ምንም አትግዙ። ግቢ ውስጥ ላለ ክፍት ጎጆ ሶኬት የሚፈልገውን ዋይፋይ ካሜራ፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት። ከቤት ከራቀ ባለ ገመዱን። መብራት ከሌለ ትሬል ካሜራ። ባትሪና ሶላር ያለውን የሴኩሪቲ ካሜራ በሁሉም ቦታ ሁለተኛ አድርጌ ነው የማየው፤ ሽቦ ስለሌለው ብቻ አትሸነፉ።

ላይቭ ለሕዝብ ማሳየት ለሚፈልጉ፣ ዝቅተኛ በሆነው 1 ሜጋቢት ፍጥነት እንኳ በቀን 10 ጊጋባይት በላይ ይሄዳል። በሞባይል ፓኬጅ አይሞከርም። ጎጆው የጭላት ወይም የብርቅዬ ወፍ ከሆነ ቦታውን ጭምር አትናገሩ።

ካርድ ላይ ከሆነ 2 ሜጋቢት ቪዲዮ በቀን 21 ጊጋባይት ተኩል ያህል ነው። 128 ጊጋ ካርድ ስድስት ቀን እንኳ አይቆይም፤ ከዚያ የድሮውን እያጠፋ ይጽፍበታል። የዋኖስ ነገር ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ወር ገደማ ስለሆነ፣ በየአምስት ቀኑ ካርዱን ሳትነኩ በዋይፋይ የምትፈልጉትን ማውረድ ይሻላል። ካርድ ስትገዙ "ኢንዱራንስ" የሚል የተጻፈበትን ለካሜራ የተሠራ ዓይነት ምረጡ። በርካሽ የሚሸጠው 512 ጊጋ ብዙ ጊዜ ውስጡ ጥቂት ጊጋ ብቻ ነው፤ ስልክ ላይ 512 ብሎ ያሳያል፣ ሲሞላ ግን ፋይሉን ያበላሻል። ከመስቀላችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ የመጨረሻው ፋይል መከፈቱን እዩ።